አሜሪካ ውስጥ የሥራ ቦታ ደህንነት ሥልጠና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖች የደህንነት ሥልጠና ሳስተረጉም ዓመታት ተቆጠሩ። ዌርሃውስ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ኮንስትራክሽን፤ ቦታው ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። የሚጠየቀው ግን ክፍል ውስጥ አይደለም። አሠልጣኙ «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወረቀቱ ይዞራል፣ ይፈረማል። ጥያቄው የሚመጣው በኋላ በር ላይ ወይም መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። አለቃ ፊት «አልገባኝም» ማለት ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነዚያን የበር ላይ ጥያቄዎች ነው።

ሥልጠናው የሕግ ግዴታ ነው ወይስ ኩባንያው ሲፈልግ የሚሰጠው?

ግዴታ ነው። መሠረቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዲሴምበር 29 ቀን 1970 የፈረሙት የሥራ ደህንነትና ጤንነት ሕግ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 28 ቀን 1971 ነው። የሚያስፈጽመው በፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው፣ ሁላችንም «ኦሻ» የምንለው ድርጅት ነው።

ብዙ ሰው «ስንት ሰዓት ሥልጠና ይገባኛል?» ይላል። ሕጉ እንደዚያ አልተጻፈም፤ ለሁሉም ሠራተኛ የተቆረጠ የሰዓት ብዛት የለም። ሥልጠናው የሚከተለው አደጋውን ነው። ኬሚካል የሚነካ ስለ ኬሚካሉ፣ ደም የሚያጋጥመው በደም ስለሚተላለፍ በሽታ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ስለ መውደቅ፣ ፎርክሊፍት የሚነዳ ስለ ፎርክሊፍቱ መሠልጠን አለበት። ስለዚህ ራስዎን መጠየቅ ያለብዎት «በዚህ ሥራ ምን ሊጎዳኝ ይችላል? ስለ እሱስ አሳይተውኛል?» ብለው ነው።

አገር ቤትም ነገሩ ባዳ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደጋ ተገቢውን መመሪያና ማሳሰቢያ እንዲያገኙ ያስገድደዋል። እዚህ ያለው ልዩነት በየአደጋው ዓይነት ዝርዝር ደንብ መኖሩና ቅጣቱም ጠንከር ያለ መሆኑ ነው።

የፌዴራሉና የስቴቱ ደንብ ምን ይለያያል? እኔን የሚመለከተኝ የቱ ነው?

የሚወስነው የሚኖሩበት ሳይሆን የሚሠሩበት ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ጠዋት ዲሲ ሆቴል ቢሠራ ተቆጣጣሪው የፌዴራሉ ኦሻ ነው። ማታ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ከገባ «ሞሽ» የሚባለው የሜሪላንድ መሥሪያ ቤት ነው። ቅዳሜ ድልድዩን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ዌርሃውስ ቢሠራ ደግሞ የቨርጂኒያው «ቮሽ»። አንዱ ሰው በሳምንት ውስጥ በሦስት ተቆጣጣሪ ሥር ይውላል።

ሕጉ ስቴቶች የራሳቸውን ፕሮግራም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ ጥበቃው ከፌዴራሉ እንዳያንስ ግን ያስገድዳል። የግልም የመንግሥትም ሠራተኛን የሚሸፍን ፕሮግራም ያላቸው ፖርቶ ሪኮን ጨምሮ 22 ናቸው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ካሊፎርኒያና ኔቫዳ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዲሲ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶና ኦሃዮ ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ በቀጥታ በፌዴራሉ ሥር ነው።

ከፌዴራሉ አልፈው የሄዱ ስቴቶች አሉ። ካሊፎርኒያ ከ1991 ጀምሮ እያንዳንዱ አሠሪ የአደጋ መከላከያ ፕሮግራም በጽሑፍ እንዲኖረውና ሠራተኛውን በዚያ መሠረት እንዲያሠለጥን ታስገድዳለች፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጥቃት በየዓመቱ ሥልጠና መስጠት ግዴታ ሆኗል። ሚኒሶታ ለአደገኛ ኬሚካል ለሚጋለጥ ሠራተኛ ሥልጠናው በየዓመቱ እንዲደገም ትጠይቃለች፤ የፌዴራሉ የኬሚካል ደንብ ይህን አይጠይቅም።

«ከፌዴራሉ ያላነሰ» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ሲቀር የሚሆነውን ያሳየ መራራ ታሪክም አለ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1991 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሃምሌት በምትባል ትንሽ ከተማ የዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ተቃጥሎ 25 ሰዎች ሞቱ። መውጫ በሮች ተቆልፈው ነበር። ፋብሪካው በሠራባቸው 11 ዓመታት አንድም የደህንነት ተቆጣጣሪ ደጁን ረግጦት አያውቅም። ስቴቱ የራሱ ፕሮግራም ነበረው፤ የሚልከው በቂ ሰው ግን አልነበረውም። ከቃጠሎው በኋላ ፌዴራሉ ጣልቃ ገባ፣ ስቴቱም ሕጉን አጠበቀ፣ ተቆጣጣሪዎችን ጨመረ። ሳስተረጉም የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «መውጫው የት ነው? ይከፈታል?» ይሁን የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ነበር። አልገባኝም፤ ግን ፈርሜያለሁ። አለቀልኝ?

አላለቀም። ኦሻ ኤፕሪል 28 ቀን 2010 ባወጣው የሥልጠና መመሪያ እንዳስቀመጠው፣ ሥልጠና ማለት ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና በሚገባው መንገድ የተሰጠ ሲሆን ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት አድሎ «አንብብ» ማለት አሠሪውን ከግዴታው ነፃ አያደርገውም። አለቃው በየቀኑ ሥራ የሚያዘው በሌላ ቋንቋ ወይም በአስተርጓሚ ከሆነ፣ የደህንነት ሥልጠናውንም በዚያው መንገድ መስጠት አለበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ፊርማ ቆጥሮ ብቻ አይሄድም፤ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ «ይህ ምልክት ምን ማለት ነው? ፈሳሹ ዐይንህ ውስጥ ቢገባ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

አንዲት እናት አስታውሳለሁ፤ ነርሲንግ ሆም ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የሚሠሩት። ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ምን ብዬ ነው የፈረምኩት?» አሉኝ። «ስለ ኬሚካል፣ ስለ ደምና ስለ እሳት ሠልጥኛለሁ፣ ተረድቻለሁ፣ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል አግኝቻለሁ» ይላል። ሥልጠናው የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። ወረቀቱን የያዙበትን እጃቸውን አየሁት፤ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለው ቆዳ ነጥቶ ተልጧል። ጓንት ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን ለሕመምተኛ ምርመራ የሚሆነውን ስሱን። የሳሙናው በርሜል ላይ እጅ ላይ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ምልክት ነበረበት፤ «ቆዳ ይበላል» ማለት መሆኑን የነገራቸው የለም። በማግሥቱ ሱፐርቫይዘሯ ጋ አብረን ሄድን። ወፍራሙ ጓንት መጋዘኑ ውስጥ ነበር፤ በዚያው ቀን ተሰጣቸው። «ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ልቤን የነካው ይህ ነው፤ መጠየቅ የእሳቸው ግዴታ አልነበረም፣ ማሳወቅና መስጠት የአሠሪው ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመፈረምዎ በፊት «አይ ዲድ ኖት አንደርስታንድ» ይበሉ፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ፈርም ተብለው ከተጨነቁ ከፊርማዎ ጎን በአማርኛ «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ብለው ቀኑን ይጻፉና በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። አሠሪው የግድ የተተረጎመ መጽሐፍ ማቅረብ አይጠበቅበትም፤ በአስተርጓሚ ወይም ቋንቋውን በሚያውቅ ሠራተኛ አማካይነት፣ በእጅም እያሳየ ማስረዳት ይችላል። መለኪያው እርስዎ መረዳትዎ ነው። የሚያስተረጉመው ባልደረባ ግን አሥር ደቂቃ የተነገረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር «በቃ ተጠንቀቁ ነው የሚለው» ብሎ ከጨረሰው አልሠለጠኑም።

ለአስተርጓሚዎችም አንድ ነገር ልበል። «አደጋ» የሚለው ቃላችን ሊደርስ የሚችለውንም የደረሰውንም ይይዛል። ተቆጣጣሪው «እዚህ አደጋ አለ?» ሲል ሠራተኛው «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ እስካሁን የወደቀ ሰው የለም ማለቱ ነው። እኔ «ሊጎዳ የሚችል ነገር አለ?» ብዬ መተርጎም ከጀመርኩ ወዲህ መልሱ ተለውጧል።

የሆቴል ጽዳት ነው የምሠራው። በረኪና ለማወቅም ሥልጠና ያስፈልጋል?

አዎ። በረኪናን ከልጅነታችን ስለምናውቀው አንፈራውም። ሆቴል ውስጥ ግን ጋሪው ላይ ከመስታወት ማጽጃውና ከሽንት ቤት ማጽጃው ጋር ተደርድሮ ነው ያለው። በረኪና አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን፣ አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ተንበርክኮ ለሚፈትግ ሰው ሁለቱም ሳንባ የሚያቃጥሉ ናቸው። «ሲቀላቀል የበለጠ ያነጣል» ብለው የሚደባልቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ።

የኬሚካል መረጃ ደንቡ (ቁጥሩ 1910.1200 ነው) ሥልጠናው ሥራው ሲጀመር እንዲሰጥ፣ አዲስ ዓይነት ጉዳት የሚያስከትል ኬሚካል ሲመጣም እንዲጨመር ያዛል። በዕቃው ላይ ያለውን ምልክት ማንበብ ሊያስተምሩዎት ይገባል፤ «ዴንጀር» ከሚል ቃል ይልቅ «ዋርኒንግ» የሚለው ቀለል ያለውን ያመለክታል። ለእያንዳንዱ ኬሚካል 16 ክፍል ያለው የመረጃ ወረቀት አለ፤ በሺፍትዎ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ሊያገኙት ይገባል። ሁሉንም ማንበብ ባይችሉ ክፍል 4ን፣ ማለትም የመጀመሪያ እርዳታውን፣ እና ምን ዓይነት ጓንትና መነጽር እንደሚያስፈልግ የሚናገረውን ክፍል 8ን ያስተርጉሙ።

የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ኬሚካል ቀድተው አያስቀምጡ። ወደ ሌላ ዕቃ የተገለበጠ ኬሚካል ስሙና ጉዳቱ ሊጻፍበት ግድ ነው፤ የቀዳው ሰው ራሱ እዚያው ሺፍት ላይ የሚጨርሰው ከሆነ ብቻ ይታለፋል። አንድ ጋሪ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ የውሃ ፕላስቲክ ከአንዲት ልጅ የምሳ ዕቃ አጠገብ ቆሞ አይቻለሁ።

ነርሲንግ ሆም ወይም ሆም ኬር ለሚሠራስ?

ደም ወይም ሌላ ተላላፊ የሰውነት ፈሳሽ ሊያጋጥመው የሚችል ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም በየዓመቱ መሠልጠን አለበት። ሥልጠናው በሥራ ሰዓት ነው፣ ከኪስዎ አይከፍሉም፣ ጥያቄ የሚመልስ ዐዋቂ ሰውም ሊኖር ይገባል፤ ቪዲዮ ከፍቶ መውጣት አይበቃም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ሥራው በተጀመረ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በነፃ ሊቀርብልዎት ይገባል። አልፈልግም ካሉ ፈርመው መተው ይችላሉ፤ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡም መብትዎ አይቀርም።

መርፌ ቢወጋዎት አይደብቁ። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፣ ወዲያው ለሱፐርቫይዘር ይንገሩ። ምርመራውና ክትትሉ በነፃና በምስጢር ነው። «ስሜ ይነሳል» ብለው ሁለት ሦስት ቀን ዝም የሚሉ አሉ፤ ለኤች.አይ.ቪ. መከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ግን ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እዚህ ላይ ይሉኝታ ሕይወት ያስከፍላል።

ሆም ኬር ከሆኑ ቀጣሪዎ ኤጀንሲ ሲሆን ሕጉ ይሸፍንዎታል። አንድ ቤተሰብ በግሉ ለተራ የቤት ሥራ የቀጠረው ሰው ግን በኦሻ ሥር አይወድቅም።

የፎርክሊፍት ላይሰንስ ኦንላይን አወጣሁ። መንዳት እችላለሁ?

በዚያ ብቻ አይችሉም። የፎርክሊፍት «ላይሰንስ» የሚባል መንግሥት የሚሰጠው ወረቀት የለም። ደንቡ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ትምህርት፣ በመሣሪያው ላይ ልምምድ፣ እና በሚሠሩበት ቦታ ሲነዱ ታይቶ የሚሰጥ ምዘና። ኦንላይኑ የመጀመሪያውን ቢሸፍን ነው። ብቁ ነው ብሎ የሚያረጋግጠው አሠሪው ስለሆነ፣ አዲስ ሥራ ሲይዙ አዲሱ አሠሪ በራሱ ግቢና በራሱ መሣሪያ ማየት አለበት። ምዘናው ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይደገማል፤ አደጋ ከደረሰ፣ ለጥቂት ከተረፉ፣ ወይም የመሣሪያው ዓይነት ከተቀየረ ግን 3 ዓመት አይጠበቅም። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት መንዳት በሕግ ክልክል ነው፤ የክረምት ሥራ ለያዙ ልጆቻችሁ ንገሩ።

ኦሻ 10 እና ኦሻ 30 ካርድ ግዴታ ነው?

በፌዴራል ደረጃ አይደለም። ፕሮግራሙ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው፤ 10 ሰዓቱ ለሠራተኛ፣ 30 ሰዓቱ ለሱፐርቫይዘር የታሰበ ነው። ግዴታ ያደረጉት አንዳንድ ስቴቶችና ከተሞች ናቸው። ላስ ቬጋስ ላላችሁ፣ ኔቫዳ የኮንስትራክሽን ሠራተኛ በተቀጠረ በ15 ቀን ውስጥ የ10 ሰዓቱን፣ ሱፐርቫይዘሩ የ30 ሰዓቱን እንዲይዝ ታዛለች። ኒው ዮርክ ከተማ በ2017 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 196 በትልልቅ የግንባታ ቦታዎች ለሠራተኛ 40፣ ለሱፐርቫይዘር 62 ሰዓት ትጠይቃለች።

አጭበርባሪው የበዛበት መስክ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ማሠልጠን ስለማይፈቀድ የ10 ሰዓቱ ኮርስ ከሁለት ቀን በታች አያልቅም። «በሁለት ሰዓት ካርዱን እጅህ አስገባለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት ገንዘብዎን ይዘው ይሂዱ። እውነተኛው ካርድ ቢኖርዎትም የኬሚካሉን፣ የፎርክሊፍቱን ወይም የመውደቅ መከላከያውን ሥልጠና አይተካም።

ለሥልጠናው ሰዓት ይከፈለኛል? ጫማና ጓንትስ?

ይከፈልዎታል። በፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ ሥልጠና ላይከፈልበት የሚችለው አራት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲሆን፣ በእርግጥ በፈቃድዎ የገቡበት ሲሆን፣ ከሥራዎ ጋር የማይገናኝ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ካልሠሩ። አሠሪው ያዘዘው የደህንነት ሥልጠና ይህን አያሟላም። ቤት ሄደው በስልክ እንዲጨርሱት ቢታዘዙም ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው።

መከላከያ ዕቃውን፣ ማለትም ሄልሜት፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ፣ የሚገዛው አሠሪው ነው። ዋናው ልዩ ሁኔታ ከሥራ ውጭም ሊጫሙት የሚችሉት አፉ ብረት የሆነ ተራ የሥራ ጫማ ነው፤ እሱን እርስዎ እንዲገዙ ሊያደርግ ይችላል።

በኤጀንሲ ተልኬ ነው የምሠራው። የሚያሠለጥነኝ ማነው?

ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ኤጀንሲው አጠቃላዩን፣ የሚሠሩበት ድርጅት ደግሞ የራሱን መሣሪያና ኬሚካል ያሠለጥናል። «የእነሱ ሥራ ነው» እየተባባሉ እርስዎን መሐል መተው አይችሉም።

የሙቀት ደንብ አለ ይባላል። እኛ ሙቀት እንችላለን፤ ያስፈልገናል?

በጣም ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ የሙቀት ደንብ አላት፤ እርጥበቱ ተደምሮ የሚሰማው ሙቀት 80 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ውጭም ውስጥም ለሚሠራ ይሠራል። ሥልጠናው ለሙቀቱ ከመጋለጥ በፊትና በየዓመቱ፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገንም የየራሳቸው አላቸው። የፌዴራሉ ረቂቅ በ2024 ቀርቧል፤ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ አልጸናም። እስከዚያው ኦሻ የሚጠቀመው አሠሪው ከታወቀ ከባድ አደጋ ሠራተኛውን እንዲጠብቅ የሚያዘውን አጠቃላይ አንቀጽ ነው።

«እኛ እንችላለን» የሚለው ግን ያሳስበኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ የዲሲን እርጥብ ሙቀት ያደግንበት አይደለም። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ቀስ በቀስ ስለሆነ፣ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሥራው 20 በመቶ ያህሉን ብቻ በሙቀት ውስጥ ሠርቶ በየቀኑ 20 በመቶ እየጨመረ እንዲሄድ ይመከራል። ሌላው ጾም ነው። ፍልሰታ የሚውለው በኦገስት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የጭነት መኪና ውስጥ ካርቶን የሚያራግፍ ሰው አውቃለሁ። ረመዳንም በሙቀቱ ወራት ሲውል እንዲሁ ነው። መጾምዎን ለሱፐርቫይዘር ይንገሩ፣ የጠዋት ሺፍት ይጠይቁ፣ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ። ላብ ቢቆም፣ ቢያዞርዎ ወይም ንግግርዎ ቢንተባተብ ለ911 ይደወል፤ ጾሙ በዚያ ሰዓት አይታሰብም።

ኡበር ነው የምሠራው። ባለቤቴ ደግሞ ትንሽ ሬስቶራንት አላት። እኛንም ይመለከተናል?

በግሉ የሚሠራን ሰው ኦሻ አይሸፍንም፤ ለራስዎ የሚሠሩ ሹፌር ከሆኑ በዚህ ሕግ ሥር አይደሉም። ባለቤትዎን ግን በደንብ ይመለከታታል። አንድ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው አሠሪ ነው። ከ10 ያልበለጠ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የጉዳት መዝገብ ከመያዝ ግዴታ ይቀልለታል እንጂ ከማሠልጠን አይቀልለትም። ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ ሰቅላ ሠራተኞቹ እንዲጠቀሙበት ካሰበች፣ ሲቀጠሩና በየዓመቱ አጠቃቀሙን ማስተማር አለባት። ሞት ቢደርስ በ8 ሰዓት፣ ሠራተኛ ሆስፒታል ቢተኛ ወይም አካሉ ቢቆረጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው።

ለትንንሽ ድርጅቶች በየስቴቱ ነፃና ምስጢራዊ የምክር አገልግሎት አለ። ባለሙያው መጥቶ ያያል፣ ጉድለቱን ይናገራል፣ ቅጣት አይጽፍም፤ የታየውን ከባድ አደጋ ለማስተካከል ግን መስማማት አለባት። የሐበሻ ንግድ ቤቶች ይህን ቢጠቀሙበት እንዴት ደስ ባለኝ።

ብናገር ያባርሩኛል። ወረቀትም የለኝም። ምን ላድርግ?

ስለ ደህንነት በመጠየቅዎ ወይም አቤቱታ በማቅረብዎ ማባረር፣ ሰዓት መቁረጥ፣ ወደ ከባድ ሥራ መቀየር ክልክል ነው። ይህ ሕግ ሠራተኛን የሚጠብቀው የመኖሪያ ፈቃዱን ሳይለይ ነው። ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው፤ በፌዴራሉ ሕግ የበቀል አቤቱታ ድርጊቱ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። አንዳንድ ስቴቶች የበለጠ ጊዜ ይሰጣሉ፤ እርስዎ ግን 30ውን ይቁጠሩ።

ሥራው አሁኑኑ ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ የሚችል ከሆነ እምቢ ማለት ይቻላል። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን መብት ያጸናው፣ ኦሃዮ ውስጥ ባልደረባቸው ወድቆ የሞተበት የሽቦ መረብ ላይ አንወጣም ባሉ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ ነው። አደጋው እውነተኛ፣ ተቆጣጣሪ ጠርቶ ለመጠበቅ ጊዜ የማይሰጥ፣ አሠሪውም ተነግሮት ያላስተካከለው መሆን አለበት። እምቢ ሲሉ ጥለው አይውጡ፤ «ይህን አልሠራም፣ ሌላ ሥራ ስጡኝ» ብለው ሂድ እስኪባሉ እዚያው ይቆዩ።

ስደውል ምን ይጠይቁኛል?

የፌዴራሉ ቁጥር 1-800-321-6742 ነው፤ ጥሪው ነፃ ነው። «አማሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መሥሪያ ቤትዎ በስቴት ፕሮግራም ሥር ከሆነ ወደሚመለከተው ይመሩዎታል። ስምዎ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅ ይችላሉ። ቅጣት መጻፍ የሚቻለው ጉድለቱ በነበረ በ6 ወር ውስጥ ስለሆነ አያቆዩት። በ2025 ለአንድ ከባድ ጥፋት ከፍተኛው ቅጣት 16,550 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ወይም ለተደጋገመ 165,514 ዶላር ነበር።

ከመደወልዎ በፊት የሥራ ቦታውን ሙሉ አድራሻ፣ አደጋው ያለበትን ፎቅ ወይም ክፍል፣ የመሣሪያውን ወይም የኬሚካሉን ስም፣ ስንት ሰው እንደሚሠራና ተቆጣጣሪው በስንት ሰዓት ቢመጣ እንደሚያየው ይጻፉ። የመጨረሻውን አይርሱት፤ የሌሊት ሺፍት ላይ ያለው አደጋ ቀን ለሚመጣ ሰው አይታይም።